ከማይኩ ከማንሳታችሁ በፊት አድምጡን

ደሴ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ለምንሠራበት የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ የሥራ አመራር
ግልባጭ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ለምትገኙ አድማጮቻችን

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። የጣቢያውን ስም እዚህ አንጽፍም። ማንን እንደምናናግር እናንተ ታውቃላችሁ። ጉዳዩ ግን ከአንድ ቢሮ ግድግዳ ያለፈ ነው ብለን ስላመንን በአደባባይ ጻፍነው።

ሰኔ 20 ቀን ጠዋት ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተለጥፎ አገኘን። ከመስከረም 1 ጀምሮ በሙያው ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሠራተኛ ቀጥታ ስርጭት ላይ አይመደብም ይላል። በኮንትራት የምንሠራው ውላችን አይታደስም። ቋሚዎቹ "ወደሚመጥናቸው የሥራ መደብ" ይዛወራሉ። ይህ የሚነካን ዘጠኝ ሰዎች ነን። አምስታችን አዘጋጅና አቅራቢ፣ ሁለቱ ሪፖርተሮች፣ ሁለቱ ቴክኒሻኖች። ከመወሰኑ በፊት ከዘጠኛችን አንዳችንን እንኳ ጠርቶ ያናገረ ኃላፊ የለም።

ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስምንቱ ባልደረቦቼ አንብበው አርመውታል። እዚህ ሙያ ውስጥ 15 ዓመት ቆይቻለሁ። የጀመርኩት በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና አነብ ነበር። ማይኩ ይቆራረጣል፣ ተማሪው ይንጫጫል። ሰው ካልሰማኝ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። 12ኛ ክፍል ስፈተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም። በኋላ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ዲግሪ ግን የለኝም።

ትምህርት አይጠቅምም አላልንም። ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልን። ሁላችንም ልጆቻችንን ከአቅማችን በላይ እየከፈልን እናስተምራለን። ጥያቄያችን አንድ ነው። ለአየር የሚበቃ ሰው የሚለየው በምንድን ነው? እናንተ በወረቀት ብላችኋል። እኛ ማይኩ ፊት አስቀምጣችሁ መዝኑን እያልን ነው።

ቅሬታችንን በዝርዝር እናስረዳ። የመጀመሪያው፣ ወረቀት ብቻውን ችሎታን አያሳይም የሚል ነው።

ነሐሴ 2013ን አስታውሱ። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞልቷት ነበር። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆነዋል። የከሰዓቱን ፕሮግራም የምታቀርበው እህታችን በዚያ ሰሞን የጠፉ ሰዎችን ስም ታነብ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ስቱዲዮ ድረስ መጣች። ከቆቦ ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በጭነት መኪና ነው የመጣችው። የስድስት ዓመት ልጇ በግርግሩ መሀል ከእጇ ጠፍቷል። ማይኩ ፊት ስትቀመጥ መናገር አቃታት። ለቅሶ ብቻ ሆነ። ቴክኒሻኑ ሙዚቃ ሊያስገባ እጁን ሰደደ። እህታችን መዳፏን አንስታ "ቆይ" አለችው። ጥቂት ሰከንድ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"የኔ እናት፣ ልጁ ምን ለብሶ ነበር?" አለቻት።

ሴትየዋ ለቅሶዋን ዋጥ አደረገች። "አረንጓዴ ሹራብ። ክርኑ ላይ ቀዶት በነጭ ክር ጠቅሜለታለሁ" አለች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ መጠለያ ውስጥ ውሃ የሚያድል ወጣት ነው። "ክርኑ በነጭ ክር የተሰፋ ሹራብ የለበሰ ልጅ እዚህ አለ" አለ። ስሙን ጠይቀውት ልጁ አልተናገረም ነበር። ያስገኘው ያ ነጭ ክር ነው። ያን ቀን ሙዚቃው ቢገባ ኖሮ ስለ ክሩ የሚሰማ አይኖርም ነበር።

ይህቺ ሴት ያላት የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ነው። በኮንትራት፣ በወር 6 ሺህ ብር ትሠራለች። መቼ ዝም እንደሚባል፣ ያዘነን ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ታውቃለች። ይህን እውቀት ያገኘችው ለዓመታት በየቀኑ ከሚደውሉላት ሰዎች ነው። በአዲሱ መመሪያ ከመስከረም በኋላ ውሏ አይታደስም።

ሁለተኛው ቅሬታችን "ተዛማጅ" የምትለዋ ቃል ናት። ከዘጠኛችን አንዱ ዲግሪ አለው። ግን የግብርና ዲግሪ ነው። የሰው ኃይል ክፍል "ተዛማጅ አይደለም" ብሎ መልሶታል። የአርሶ አደሮችን ፕሮግራም የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

በ2013 መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ ወሎን ሲያለብሳት ይህ ልጅ ያደረገውን አድማጮቻችን አይረሱትም። ሰው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጭስ እያጨሰ ከማሳው ሊያባርር ይለፋ ነበር። እሱ አየር ላይ ወጥቶ ቀላል ነገር ነገራቸው። አንበጣው ሌሊት ያርፋል። ሲበርደው አይበርም። ፀሐይ ሲሞቀው ነው የሚነሳው። ስለዚህ ማታ የት እንዳረፈ አይታችሁ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ንገሩ፣ ርጭቱ በማለዳ እንዲደርስ። የደረሰ ሰብል ያላችሁ ቶሎ ሰብስቡ። ይህን ደጋግሞ፣ በገበሬው ቋንቋ፣ ጠዋትና ማታ ተናገረ። ከቃሉ ወረዳና ከባቲ በኩል እየደወሉ "እዚህ አርፏል" የሚሉትን እየተቀበለ ለሚመለከተው አስተላለፈ። የጋዜጠኝነት ተመራቂ ይህን ሊያደርግ ይችል ነበር? ምናልባት ጥሩ ባለሙያ ጋብዞ ያወያይ ነበር። እሱ ግን ማንንም መጠበቅ አላስፈለገውም። የግብርና ፕሮግራም ለሚያዘጋጅ ሰው የግብርና ትምህርት ተዛማጅ ካልሆነ፣ የትኛው ነው ተዛማጅ የሚሆነው?

ሪፖርተራችንም አለ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። ባቲ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው የሚገናኝበት ገበያ ነው። እሱ የግመሉን ዋጋ በአፋርኛ ይጠይቃል፣ የፍየሉን በኦሮምኛ ይከራከራል። ማታ በአማርኛ ይዘግባል። ሦስቱንም ቋንቋ የተማረው ሰፈር ውስጥ ነው። በእናንተ መመዘኛ የሚያዝለት ነጥብ የለም።

ስለ ቴክኒሻኖቻችን ብዙ አንናገርም። አንድ ነገር ብቻ። የኤፍ ኤም ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ሲያጋጥመው ይከለላል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ትገኛለች። መሀል ላይ የሐረጎ ተራራ አለ። ሐረጎን ስትወርዱ ድምፃችን በየትኛው ኩርባ ላይ እንደሚሻክር፣ በየትኛው እንደሚመለስ በቃሉ የሚያውቀው የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ያለው ልጅ ነው። በራሱ ጊዜ፣ በሚኒባስ እየተመላለሰ፣ ስልኩ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ በደብተር መዝግቦታል። ደብተሩን አይተነዋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ቢቀር ከድምፁ ምኑ እንደታመመ ይለያል። እሱንም "አይመጥንም" ብላችሁታል።

እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን ለመጠበቅ የምንለው አለ። ዲግሪ ይዘው ከመጡ ወጣቶች ያገኘነውን መደበቅ አንፈልግም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የጋዜጠኝነት ተመራቂ ተቀጠረች። የመጀመሪያ ቀጥታ ስርጭቷን አስታውሳለሁ። እንግዳው በስልክ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ። ልጅቷ ደነገጠች። ወረቀቷን ገለጠች፣ መለሰች። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው። አየሩ ላይ ምንም የለም። ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ስቆጥር ሃያ ደረስኩ። ከዚያ ገብቼ ሁለተኛውን ማይክ ከፈትኩ። "መስመሩ እስኪመለስ ሰዓቱን ልንገራችሁ" ብዬ ጀመርኩ። ከሰዓቱ ወደ አየሩ፣ ከአየሩ ወደ መንገዱ እያልን ወሬ ቀጠልን። ስቱዲዮ ውስጥ ሃያ ሰከንድ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም ያልገባበት ሰው አያውቀውም።

ሦስት ወር ቆይቶ ግን ይህቺው ልጅ ከትልቅ ጥፋት አዳነችን። አንድ ደዋይ "እንዲህ ያለ መድኃኒት ቤት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሸጠልኝ" አለ። ፎቶም ላከ። እኔ በማግስቱ ጠዋት ላቀርበው ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ አስቆመችኝ።

"ጋሼ፣ ሁለተኛ ምንጭ አለን? መድኃኒት ቤቱንስ ጠይቀናል?"

አልጠየቅንም። ሄደን ስንጠይቅ ደዋዩ ያነበበው መድኃኒቱ የተመረተበትን ቀን ሆኖ ተገኘ። ማለፊያ ቀኑ ከጎኑ ተጽፏል፤ ፎቶው ቆርጦታል። ያን ዜና ብናስተላልፈው አንድ ቤተሰብ እንጀራውን ያጣ ነበር። እኛም ፍርድ ቤት ነበርን።

ይህን ያስተማራት ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ በ15 ዓመት ሥራ እንዲህ ያለ የጸና ልማድ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ከእሷ ነው የወሰድኩት። እሷም ስልክ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ከእኔ ወስዳለች። ዛሬ ጎበዝ አቅራቢ ናት። ይህን ደብዳቤ ስንጽፍ ካበረታቱን አንዷ እሷ ናት።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን እናውቃለን። ምንጭ ማጣራት፣ የተወቀሰን ወገን መጠየቅ፣ ቁጥር ማገናዘብ፣ ሕግ ማወቅ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ምን እንደሚሉ ሳያውቁ ክፍት ስልክ መቀበል አደገኛ ነው። ይህ እውቀት ከዘጠኛችን ለብዙዎቻችን ይጎድለናል። እንማራለን። አስተምሩን ብለን ስንት ጊዜ ጠየቅን?

ትምህርት ቤት የማይሰጠውም አለ። ትንፋሽ መቆጠብን፣ የተጻፈን ዜና ሳያነቡት የሚናገሩት እስኪመስል ማቅረብን፣ አንድ አድማጭን ብቻ እያሰቡ ለብዙ ሺህ ሰው መናገርን የሚያስተምረው ማይኩ ራሱ ነው። የደሴን ሰው አነጋገር፣ ቀልዱን፣ የሚያስቀይመውን ማወቅም እንዲሁ። ረመዳን ላይ ከአዛን በፊት ምን ዓይነት ወሬ ደስ እንደሚል፣ ጥምቀት ዋዜማ ምን እንደሚጠበቅ እዚህ ኖሮ የሠራ ነው የሚያውቀው።

ወደ ሦስተኛው ቅሬታ እንለፍ። ይህ ዲግሪ ያላቸውንም የሚመለከት ነው። በየዓመቱ ለልምምድ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይላካሉ። ሁለት ወር ይቆያሉ። ምን ሲሠሩ? ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ፣ የድሮ ፋይል ሲደረድሩ፣ ኮሪደር ላይ ስልካቸውን ሲነካኩ። ማይክ ፊት የተቀመጠ ተለማማጅ በእነዚህ ዓመታት ያየነው በጣት የሚቆጠር ነው። ዩኒቨርሲቲም እያሉ ስቱዲዮ የገቡት ጥቂት ጊዜ እንደሆነ ይነግሩናል። እዚህ ደግሞ በሩ ተዘግቶባቸው ይመለሳሉ። ተመርቀው ሲያመለክቱ "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" ትጠይቋቸዋላችሁ። ልምዱን ከየት ያምጡት? እኛን በዲግሪ፣ እነሱን በልምድ ትመልሳላችሁ። መሀል ላይ የሚጎዳው አድማጭ ነው።

አራተኛው ከሁሉም ያመመን ነው። በቃል ስንጠይቃችሁ "ሄዳችሁ ተማሩ፣ ማን ከለከላችሁ?" ብላችሁናል። ከለከላችሁን።

የማታ ዜና የሚያነበው ወንድማችን በ2013 በኤክስቴንሽን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሁለት ዓመት ተማረ። በ2015 ፈረቃው ተቀየረና ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ወደቀ። ፈረቃ እንዲቀየርለት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቀ። አንድ የሥራ ባልደረባው ቦታውን ሊተካለት ፈርሞለታል። መልሱ "የሥራው ጠባይ አይፈቅድም" የሚል ነበር። ሁለት ሴሚስተር ከፍሎ ሳይማር ቀረ። በመጨረሻ አቋረጠ። የማመልከቻዎቹ ቅጂ ዛሬም አለው፤ ማህተም ያረፈባቸው ናቸው። ያን ጊዜ ፈረቃ ቢቀየርለት ዛሬ ተመርቆ ነበር። አሁን ዲግሪ የለህም ተብሎ ከማይክ ሊነሳ ነው።

የመማሪያው በርም ድሮ እንደምናውቀው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም የመውጫ ፈተና አለበት። የትምህርት ጥራት እንዲመለስ ይህ መደረጉን አንቃወምም። ግን አንድ ጎበዝ የሚኒ ሚዲያ ልጅ፣ ድምፅና ጆሮ ያለው፣ በሂሳብ ወድቆ እቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። የእናንተ መመሪያ ለዚያ ልጅ ሬዲዮን ለዘለዓለም ይዘጋበታል። እኔን ያኔ የተቀበለኝ ኃላፊ ወረቀት ሳይሆን አንድ ዜና ሰጥቶ "አንብብ" ነው ያለኝ። አነበብኩ። "ነገ ና" አለኝ።

ለውሳኔው የሰጣችሁት ምክንያት በደብዳቤው ላይ አለ። ሁለት ስህተቶች ተጠቅሰዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንክድም። አንደኛው፣ ነዳጅ ሊጠፋ ነው የሚል ከቴሌግራም የተገኘ ወሬ ሳይጣራ ተነበበ። ያን ማታ ማደያዎቹ ጋ የነበረው ሰልፍ አሳፍሮናል። ያነበበው ከእኛው አንዱ ነው። አድማጭን ይቅርታ ጠይቋል። ሁለተኛው፣ በአንድ የክስ ጉዳይ ላይ ፍርድ ሳይሰጥ ሰውየው "ወንጀለኛ" ተባለ። ያን ያለው ዲግሪ ያለው ባልደረባችን ነው። እሱን ለመውቀስ አይደለም የምናነሳው። ሁለቱም ስህተት የተሠራው እሑድ ነው። እሑድ አርታኢ የለም። ቦታው ከተከፈተ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰው አልተቀጠረበትም። ዲግሪ ያለውም የሌለውም አርታኢ በሌለበት ቀን ተሳስቷል። ችግሩ እዚያ ላይ መሆኑ ከዚህ በላይ በምን ይታያል?

ሬዲዮ አገራችን የገባው በ1927 ዓ.ም. ነው። የመገናኛ ብዙኃን ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት የተከፈተው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በመሀል ስልሳ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ዘመን የሠሩት ድምፆች፣ ዛሬም ሽማግሌዎች በፍቅር የሚያነሷቸው፣ ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ፣ ከታላላቆቻቸው ነው። ከ1955 እስከ 1969 የሠራው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም ሠራተኞቹን ራሱ ያሰለጥን ነበር። ጥራቱ የታወቀው ሥልጠናውና እርማቱ ጥብቅ ስለነበር ነው። ያ ዘመን ይመለስ አንልም። ጣቢያ ሰውን ማሠልጠን የራሱ ግዴታ መሆኑን ግን ከዚያ እንማር።

መንገድ ጠፍቶም አይደለም። በቴክኒክና ሙያ በኩል ያለውን የሲ ኦ ሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግንበኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ምግብ አብሳዩ ሙያውን ከአባቱም ይማረው ከጌታው፣ ተመዝኖ ካለፈ ብቁ ነው ይባላል። ፒያሳ ላይ 20 ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ዲግሪ የለህም ተብሎ መቀሱን አይነጠቅም። የተቆረጠው ልብስ ይታያል። የእኛም ሥራ ይሰማል። በየቀኑ የተቀዳ ነው፤ አርካይቭ ውስጥ አለ። አውጥታችሁ አድምጡት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የሰኔ 20ው ውሳኔ ከመስከረም 1 በፊት ይታገድ። አዲስ ዓመትን ከሥራ ተነስተን እንዳንቀበለው። ሁሉንም ሠራተኛ፣ ዲግሪ ያለውንም የሌለውንም፣ በአንድ ዓይነት የተግባር ምዘና መዝኑ። ዜና ማንበብ፣ ቃለ መጠይቅ፣ መስመር ሲቋረጥ አየር መያዝ፣ አንድ ወሬ ሰጥታችሁ እንዴት እንደሚያጣራው ማየት። ቴክኒሻኖቹን በመሣሪያቸው። መዛኞቹ ከጣቢያው ውጭ የሆኑ አንጋፋ ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ይሁኑ። የወደቀ ሰው ስድስት ወር ይሰጠው፤ ያኔም ካልቻለ ውሳኔውን በጸጋ እንቀበላለን። ይህን ዘጠኛችንም ፈርመንበታል።

"ተዛማጅ" የሚለው ቃል ፕሮግራሙን እያየ ይተርጎም። የግብርና አዘጋጁ ጉዳይ በዚህ ሳምንት ሊስተካከል የሚችል ነው።

መማር ለምንፈልግ በሩን ክፈቱልን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግራችሁ በሕግ፣ በሥነ ምግባርና በምንጭ ማጣራት ላይ የማታ አጭር ኮርስ አዘጋጁልን። ክፍያውን በየወሩ ከደመወዛችን ቁረጡ፤ ተስማምተናል። ዲግሪ ለጀመረ ሠራተኛ ደግሞ ፈረቃ እንዲስተካከል በጽሑፍ ይደንገግ። ያቋረጠው ወንድማችን ካቆመበት እንዲቀጥል የትብብር ደብዳቤ ይጻፍለት።

ለልምምድ የሚመጣ ተማሪ እያንዳንዱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ስቱዲዮ ይግባ። እኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከጎናቸው እንቀመጣለን። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ተነጋግረን ጨርሰናል።

የእሑድ አርታኢ ይቀጠር።

ለዚህ ደብዳቤ እስከ ነሐሴ 15 በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ ከዚያም በፊት አንድ ቀን ጠርታችሁ እንድታናግሩን እንጠይቃለን። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት አየር ላይ ነን። ከዚያ በኋላ ባላችሁን ሰዓት እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጠዋት ፕሮግራም አዘጋጅና አቅራቢ
ስለ ዘጠኙ የጣቢያው አቅራቢዎች፣ ሪፖርተሮችና ቴክኒሻኖች
ደሴ